የመሀል መስመሩን አለፍን

«ቶሞጂ ሰው ሲወድቅ የሚያየው ኳሱን ነው።»

ይህን ያለኝ ሙታ ሳዳኦ ነው። ቀኑ የአውራጃው የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው የዋለው ቅዳሜ ነው፤ ከልምምድ በኋላ። ቦታው የከሰል ቆፋሪዎቹ የጋራ መታጠቢያ ቤት ነው። የቡድናችን ልጆች በሙሉ እስከ አንገታቸው ፍል ውሃ ውስጥ ተነክረዋል። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን እፈትጋለሁ። አሰልጣኛችን ካማቺ መምህር ከወደ በሩ ሆነው «ሳዳኦ ቢታመም ወይ ቢጎዳ አምበልነቱን ማን ይያዝ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በጎል ብዛት እኔን የሚያህል አልነበረማ። ሳዳኦ ራሱ ላይ የጣለውን ፎጣ አንስቶ ጨመቀ፤ ከዚያም ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው፣ ያንን አለ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። የሚስቅብህን ሰው መልሰህ ትሰድበዋለህ። ዝም ካሉ ግን ነገሩን ቀድሞውንም ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ዝምታውን የሰበረው ኢሳሙ ነው። «እንግዲህ ኳሱንም የሚያይ ሰው ያስፈልጋል» አለ። «ሁላችንም እርስ በርስ ከተያየን አዲስ ሙሽሮች መሰልን እኮ።»

ያኔ ሳቁ። መምህሩም ሳቁ። ጥያቄያቸው ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ እኔም ጀርባዬን እስኪቀላ መፈተጌን ቀጠልኩ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሁን ጸጉሬ ነጭ ነው። የጎረቤቶቼን ስም እረሳለሁ፤ መድኃኒት መዋጤን እረሳለሁ፤ የዚያን ፎጣ አጨማመቅ ግን አልረሳሁም።

ያደግሁበት፣ በኪዩሹ ደሴት ያለው ሰፈር የተሠራው ለከሰሉ ነው። ቤቶቻችን በመደዳ የተያያዙ ስለነበሩ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህኛው ቤት «ይማርህ» ይባላል። ሜዳችን ከጥራጊው ተራራ ሥር ነበር። ከጉድጓዱ የወጣ ድንጋይና የማይነድ ከሰል ለዘመናት ተከምሮ ነው ተራራ የሆነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጥቁር አቧራ ይወርድብናል። ነጭ ማሊያ ለብሰን እንገባና ስንወጣ ባላጋራና ወዳጅ አንለይም።

ኢሳሙ በግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤቴ ነበር፤ ተከላካይ ነው። አባቱን ገና በልጅነቱ ጉድጓዱ በልቶበታል። እናቱ ከሰል ከድንጋይ በሚለቀምበት መስመር ላይ ቆመው ይሠሩ ስለነበር ጥፍራቸው መቼም ነጽቶ አያውቅም። የተቀቀለ ስኳር ድንች ለልጃቸው ሲይዙለት እሱ ለሁለት ይገምሰውና ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል። ለምን ትልቁን እንደሚሰጠኝ ጠይቄው አላውቅም። የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ሳዳኦ ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሮው ትልልቅ፣ እግሩ ከባድ፣ በጎል በኩል እዚህ ግባ የማይባል ልጅ ነው። በዚያ ላይ አልቃሻ ነው። የአንዱ ትንሽ ልጅ የእግር ጥፍር ቢነቀል እግሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከልጁ ጋር አብሮ ያለቅሳል። አባቴ «ጉድጓድ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው የሌላውን አየር ነው የሚጨርሰው» ይለኝ ስለነበር፣ አልቃሻ ልጅ እንዴት አምበል እንደሚሆን ፈጽሞ አይገባኝም ነበር። ልጆቹ ለምን እንደሚከተሉትም አይገባኝም ነበር። አባቱ የጉድጓዱ ነፍስ አድን ቡድን አለቃ ስለሆኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር።

የሳዳኦን አባት ሥራ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት በጸደይ፣ ከመደዳችን ጫፍ ቤት የነበሩት ሽማግሌው ናጋቶሚ የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶባቸው ቀሩ። በማግስቱ ጠዋት ከአባቴ ጋር የጉድጓዱ በር ላይ ቆመን ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ነው። ከመሬት ውስጥ፣ ቀስ እያለ፣ እየቀረበ ይመጣል።

«ናጋቶሚ፣ እየወጣን ነው። ሁለተኛውን ማረፊያ አለፍን። ናጋቶሚ፣ የከሰል ጎታቾቹ ፈረሶች ጋጣ ጋ ደርሰናል፤ እየወጣን ነው።»

ከዚያ የተኙበት ሳንቃ ወጣ። ሽማግሌው ተሸፍነዋል። የሳዳኦ አባት ከጎን እየሄዱ፣ አፋቸውን ወደ ሽፋኑ አስጠግተው «ይኸው በሩ። ፀሐይ ናት፣ ናጋቶሚ። ወጥተናል» አሉ። ሴቶቹ ያለቀሱት ያኔ ነው።

«ሞቷል፤ ምን ያወሩታል?» አልኩት አባቴን።

«ካልነገሩት እዚያው ይቀራል» አለኝ። «የሞተ ሰው መውጣቱን አያውቅም። መንገዱን እየጠሩ ነው የሚያመጡት። አንተ ዝም በል አሁን።»

በእኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። «እየወጣን ነው» የሚለው ቃል በጨዋታ እንኳ አይወራም። አንድ ጊዜ ከወንዙ ስንወጣ አንዱ ልጅ ለቀልድ ብሎት እናቱ አፉን በእጇ መታችው።

የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛው ሜዳ፣ እሑድ ከሰዓት ነበር። ባላጋራዎቻችን ከተራራው ማዶ ካለው ጉድጓድ የመጡ፣ እንደኛው ከሰል የሚተፉ ልጆች ናቸው። ነፋሱ ያን ቀን ክፉ ነበር። ጎል ሳይገባ እስከ ሁለተኛው አጋማሽ ቆየን። ከዚያ የእነሱ ረጅም አጥቂ ከግራ የተሻማውን ኳስ ለማግኘት ሲዘልና ኢሳሙ በሸርተቴ ሲገባ ተገናኙ። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። ደረቅ ቀርከሃ ስትሰብር የሚሰማው ዓይነት ነው።

ኳሱ ተፈናጥሮ እግሬ ሥር መጣ።

ዳኛው ፊሽካ አልነፋም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፣ አልነፋም። እኔ ኳሱን ይዤ ሮጥኩ። ማንም አልተከተለኝም፤ በረኛቸው ራሱ እጁን ዘርግቶ ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር። በግራ እግሬ ጥግ ላይ አስገባኋት። በዚያ ሜዳ ላይ ከገቡት ጎሎች ሁሉ ቆንጆዋ እሷ ነበረች ብል ውሸት አይደለም። እጄን ዘርግቼ ዞርኩ።

ከበረኛቸው በቀር የሁለቱም ቡድን ልጆች በሙሉ በእኛ የጎል ክልል አንድ ላይ ተኮልኩለው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

ኳሱን ከመረቡ አውጥቼ፣ ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ያን ሁሉ ሜዳ ብቻዬን ተመለስኩ። ስደርስ ኢሳሙ በፊቱ ተደፍቶ የነበረ ይመስላል፤ ፊቱ ከሰል ብቻ ነው። እግሩን አላየሁትም። ማየት አልፈለግሁም። ሳዳኦ ተንበርክኮ፣ የኢሳሙን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሁሉም ፊት፣ በባላጋራዎቻችን ፊት ጭምር፣ ንፍጡ እስኪዝረከረክ ያለቅሳል። አፈርኩበት። የእነሱ ረጅም አጥቂም ያለቅስ ጀመር። ከዚያ የእኛዎቹ አንድ በአንድ ቀጠሉ። «አምበል ተብዬው» አልኩ በሆዴ፤ «ቡድኑን ሁሉ አስለቀሰው።»

ዛሬ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ እጁ የማይንቀጠቀጠው ሳዳኦ ነበር። እያለቀሰ የራሱን ካልሲ አውልቆ የኢሳሙን እግር ከሳንቃ ቁራጭ ጋር ያሰረው እሱ ነው። እንባው ብቻ ነው ያኔ የታየኝ።

የሜዳ ጠባቂውን ዳስ የእንጨት መዝጊያ ነቅለው ኢሳሙን አስተኙት። መምህሩ ፎጣ በውሃ ነክረው ፊቱ ላይ አሰሩ። አራት ልጆች ተሸከሙት። የማዕድኑ ሐኪም ቤት ከድልድዩ ማዶ ስለሆነ በዋናው መንገድ ይዘውት ሄዱ። እኔ ከኋላ ኳሱን ይዤ እከተላለሁ። ለምን ኳሱን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

ያኔ ሰማሁት።

«ኢሳሙ፣ የመሀል መስመሩን አለፍን» አለ ሳዳኦ። ከጎኑ እየሄደ፣ አፉን ወደ ፎጣው አስጠግቶ፣ በለቅሶ በታፈነ ድምፅ። «ኢሳሙ፣ የሜዳው በር ጋ ደርሰናል። እየወጣን ነው።»

እግሬ ቆመ። መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚለቅሙ አንዲት አሮጊት የራስ ጨርቃቸውን አወለቁና እጃቸውን ለጸሎት አጋጠሙ። ሌላ ሴት ሕፃኗን ወደ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። ፊቱ ተሸፍኗል። በሳንቃ ላይ ነው። የነፍስ አድኑ አለቃ ልጅ እየጠራው ነው።

ፎጣው የሸፈነው ዓይኑን ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ከኋላ ለሚሄድ፣ አጭር ለሆነ ልጅ፣ የሚታየው ነጭ ጨርቅ ነው።

በጥራጊው ተራራ ላይ አቋራጭ መንገድ አለ። አደገኛ ስለሆነ የተከለከለ ነው። ጠጠሩ እየከዳኝ ወጣሁ፣ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። አንድ ሰው ለእናቱ መንገር አለበት እያልኩ ነበር። ይህን ነው ለራሴ ስለው የኖርኩት። ነገር ግን ስሮጥ በልቤ የነበረው ሌላም ነበር። ወሬውን ይዤ ስገባ የሚያዩኝ ዓይኖች ነበሩ። ያን ቀን ያገባሁትን ጎል ያየ ሰው አልነበረም።

የኢሳሙ እናት የጋራው ቧንቧ ጋ የሥራ ልብሳቸውን እያጠቡ ነበር። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ጥቁር ነው።

«ምን ሆነህ ነው ቶሞጂ፣ ከሰል ቤት ያደርክ የምትመስለው?» አሉኝ። «ስንት ለስንት ሆናችሁ?»

«እማማ፣ ሳዳኦ ኢሳሙን እየጠራው ነው።»

«ምን ብሎ?»

«እየወጣን ነው እያለ።»

አልጮኹም። የያዙትን ሸሚዝ ጨመቁት። አራገፉት። ገመዱ ላይ ሰቀሉት፤ እጅጌዎቹንም አስተካከሉ። ከዚያ የእንጨት ጫማቸውን እዚያው ጥለው ባዶ እግራቸውን ሮጡ። እኔን አላዩኝም። ከሮጡ በኋላ ገንዳው ውስጥ የቀረውን ልብስ እያየሁ ቆየሁና እኔም ተከተልኩ።

ድልድዩ ላይ ተገናኙ። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። እናትየው ፎጣውን ገፍተው አነሱት።

«እማዬ?» አለ ኢሳሙ። ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። «የት ነን?»

አእምሮው ተነክቷል ብዬ አሰብኩ፤ እናቱን እያወራ የት ነን ይላል። እናትየው የድልድዩን ብረት ይዘው አጎነበሱ። ቀና ሲሉ ሳዳኦን በጥፊ መቱት። ከዚያ ደግሞ መቱት።

«በሕይወት ያለ ልጄን ማን ጥራልኝ አለህ?» አሉት። «አባቱን አባትህ ጠርቶ አመጣልኝ። አይበቃችሁም?»

ሳዳኦ ፊቱን እንኳ አልከለለም። እያለቀሰ ቆሞ ተመታ። መምህሩ መካከል ገቡ። ማን ሄዶ እንደነገራቸው የጠየቀ የለም። እኔ ከሰዎቹ ኋላ ኳሴን እንደያዝኩ ነበር።

የኢሳሙ እግር ጠምሞ ዳነ። ሐኪሙ ስለ አጥንት ብዙ አወራ፤ ቧንቧው ጋ የሚሰበሰቡት ሴቶች ግን የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። «ያን እግር የሰበረው የማዶው ልጅ አይደለም» ይባል ነበር ባልዲ ሲሞላ። «በሕይወት ያለ ሰው ተጠርቶ እንዴት ይድናል? ግማሹ እዚያው ቀርቶ ነው።» እኔም አመንኩት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ አድገህ ሌላ ምን ታምናለህ? ሳዳኦ ሰው ትኩር ብሎ እንዲያየው ብሎ፣ ወንድነት አንሶት፣ የማይነካ ቃል ነክቶ ጓደኛዬን አሽመደመደው። እንዲህ ነበር የማውቀው። እንዲህ ማወቁም ይመቸኝ ነበር።

ወላጆች መምህሩ ቤት ሄዱ። ልጆቻቸው ሬሳ በሚጠራ አምበል ሥር እንዲጫወቱ አልፈለጉም። በሳምንቱ ልምምድ ላይ ካማቺ መምህር የአምበልነቱን ቀይ ጨርቅ ከሳዳኦ ክንድ ፈትተው የእኔ ላይ አሰሩት። ሲያስሩ ዓይኔን አላዩኝም።

«አንተ አታለቅስም» አሉኝ።

ምስጋና መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። መምህሩ በሕይወት ቢኖሩ ምን ማለታቸው እንደነበር እጠይቃቸው ነበር። ወይ ደግሞ አልጠይቃቸውም ነበር።

ቀጣዩን ጨዋታ በእንግዳ ሜዳ ተጫወትን። ሳዳኦ ውሃ ተሸካሚ ሆኖ መስመር ዳር ቆሟል። ክንዴ ላይ ያለው ጨርቅ ይሞቀኛል። ጎሮ የሚባል ትንሽ የክንፍ ተጫዋች ነበረን፤ ፊቱ እንደ አይጥ የሾለ፣ ተስፈንጣሪ። አንዱ ጉልበቱን መታውና ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ። ልብ በሉ፣ በዚህኛው ጊዜ ወደ ወደቀው ልጅ ነው የሮጥኩት፤ ኳሱን አላየሁም።

«ተነስ» አልኩት።

«ተንቀሳቅሶብኛል፣ ቶሞጂ። ውስጡ ተንቀሳቅሷል።»

«ምንም አልሆንክም። ሰው ያይሃል። ተነስ።»

ጎሮ እኔን አላየም። በትከሻዬ በላይ ወደ መስመሩ ዳር አየ። ዞር ስል ሌሎቹም ወደዚያው ያያሉ። ሳዳኦ የውሃ ባልዲውን አስቀምጦ አንድ እግሩን ወደ ሜዳው አስገብቷል። ከዚያ እግሩን መለሰ። ባልዲውን አነሳና ጀርባውን ሰጠን። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እዩት፣ ያኮርፋል» አልኩ።

ጎሮ እያነከሰ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን በሸርተቴ የገባ፣ ኳስ በግንባሩ ለመምታት የዘለለ አንድ ልጅ አልነበረም። እንደ ሽማግሌዎች በጥንቃቄ እየሮጡ ተሸነፉ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ቀንተውብኝ ነው ብዬ በመስኮት ሳይ መጣሁ። አሁን ሲታየኝ ነገሩ ቀላል ነው። ብወድቅ የሚያነሳኝ አለ ብሎ ያልተማመነ ልጅ በሸርተቴ አይገባም።

በክረምቱ ጉድጓዱ ተዘጋ። ቤተሰቦች ዕቃቸውን በጭነት መኪና እየጫኑ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሄዱ። የሳዳኦ ቤተሰብ ሲሄድ የመደዳው ሰው አልወጣም። እኔ በወረቀት በተለበጠው በራችን ቀዳዳ አየሁ። ሳዳኦ መኪናው ላይ፣ ጆሮው በብርድ ቀልቶ፣ ወደ ኢሳሙ ቤት ይመለከት ነበር። ያ በር ተዘግቶ ቀረ።

እኔ ጭነት መኪና ስነዳ ኖርኩ። አለቃ የመሆን ተራዬ በደረሰ ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጠ። «ቶሞጂ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ግን ሰው አይከተለውም» ያለኝን ሰው ስሙንም ያለበትንም ቀን አውቃለሁ፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይገፈፍ ይላል፣ እኔ ነገ ከነገ ወዲያ እላለሁ።

ኢሳሙ እዚያው ቀረ። የመጠጥ መሸጫ ከፈተ። እንደ ድሮው ቆፋሪ ባንኮኒው ላይ ቆመን የስኳር ድንች አረቄ የምንጠጣበት ቤት ነው። እሱ ረጅም ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጠማማውን እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ ይቀዳል። ትልቁን ብርጭቆ ለእኔ ነው የሚሰጠኝ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ስቆም ስለዚያ እሑድ አንስተን አናውቅም። እኔ ሆን ብዬ ነው።

ባለፈው በጋ፣ ሰው የሙታኑን መቃብር ለማጽዳት ወደየአገሩ በሚመለስበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ አንድ ጥላ ቆመ። ለእኔ ሁሉም ሰው ጥላ ነው አሁን።

«ግባ እንጂ» አለ ኢሳሙ። «ጆሮህ ከገባ ቆየ፤ አንተ ምን ትጠብቃለህ?»

ሳዳኦ ሳቀ። ሳቁ አልተለወጠም። አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ቶሞጂ ነህ አይደል?» አለና ትከሻዬን ያዘ። «ያቺ የግራ እግር እንዴት ናት?»

«ትጣላኛለች» አልኩት።

ጠጣን። ስለ ጥራጊው ተራራ አወሩ፤ ዛሬ ዛፍ በቅሎበት፣ የማያውቅ ሰው እውነተኛ ተራራ ይመስለዋል። ስለ ጎሮ አወሩ። ከዚያ ኢሳሙ ጠማማውን እግሩን መታ መታ አደረገ።

«ይህ ሰው እስከ ድልድዩ መንገዱን አነበበልኝ» አለኝ ወደ ሳዳኦ እያመለከተ። «ዓይኔ ከሰል ሞልቶ፣ ፎጣ ታስሮብኝ፤ ‹የት ነን? የት ደረስን?› እያልኩ አሰለቸሁት። ዝም ካለ የምወድቅ ነበር የሚመስለኝ። ሳንቃው አየር ላይ የተንሳፈፈ መስሎኝ ነበር እኮ። እናቴን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ነገርኳት። ‹እኔ ነኝ ንገረኝ ያልኩት› ስላት ማልቀስ ብቻ።»

ብርጭቆዬን ባንኮኒው ላይ አዞርኩ። «ታዲያ ለምን ያንን ቃል?» አልኩት ሳዳኦን። ድምፄ እንደፈለግሁት አልወጣም። «የሬሳውን ቃል።»

«ሌላ ምን ቃል አውቃለሁ?» አለ። «በእኛ ቤት ሰው ስትሸከም የሚባለው እሱ ነበር። አባቴ የቆሰለውንም የሞተውንም እኩል ነበር የሚጠራው። ‹መስማት አለመስማቱን አንተ አታውቅም፤ ዝም አትበል› ይለኝ ነበር።»

እኔ የጉድጓዱ በር ላይ የቆምኩት አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ሰዎች በሕይወት በወጡባቸው ቀናት አባቴ አልቀሰቀሰኝም።

«አንድ ነገር ነው እስከ ዛሬ ያልገባኝ» አለ ሳዳኦ። ቁጣ የለበትም፤ የጠፋበትን ዕቃ የሚያስብ ሰው ድምፅ ነው። «እናትህ ባዶ እግራቸውን ነው ድልድዩ ላይ የደረሱት። በመንገዱ ቀድሞን ያለፈ ሰው አልነበረም፤ በደንብ አስታውሳለሁ። ሐኪም ቤት ገብተህ፣ ታክመህ፣ ከዚያ ቢሰሙ ኖሮ… ማን ነገራቸው?»

ኢሳሙ የተጠረገውን ብርጭቆ እንደገና ይጠርግ ጀመር። «ጠይቄያታለሁ» አለ። «እስክትሞት አልነገረችኝም። ‹ልጅ ነው› ብቻ ነው ያለችኝ። ‹ልጅ ነው፣ ተወው።›»

«ልጅ ከሆነማ ፈርቶ ነው» አለ ሳዳኦ። «ሁላችንም ፈርተን ነበር።»

ከመታጠቢያ ቤቱ ስድብ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ያኛውን ይዤው ኖሬያለሁ፤ መያዣ ነበረው። «ፈርቶ ነው።» ብፈራማ ኖሮ። የኢሳሙ እናት ሸሚዙን ሲሰቅሉ፣ እጅጌውን ሲያስተካክሉ ታዩኝ። እያወቁ፣ በቀጭን ግድግዳ ማዶ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ ቶሞጂ» ይሉኝ ነበር።

«አንተ ከኋላችን ነበርክ፣ አይደል?» አለኝ ሳዳኦ። «ኳሱን ይዘህ። ያለፈ ሰው አላየህም?»

ጥያቄው እንደ ጥያቄ ነው የመጣው። ምን እንደሚያውቅ ፊቱን ለማየት ዞርኩ። ሞራው ውስጥ የሚታየኝ ግራጫ ክብ ብቻ ነው፤ ከነሁለት ጆሮው። ኢሳሙ መጥረጉን አቁሟል።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሳይጋጭ እንዲቀመጥ ተጠነቀቅሁ። ኮፍያዬን ከመስቀያው በዳበሳ አገኘሁና ወደ በሩ፣ ወደ ነጩ ብርሃን ሄድኩ። ማንም አልያዘኝም። ከበሩ ውጭ ፀሐዩ ዓይኔ ላይ ተደፋና ሁሉ ነገር ወተት ሆነ፤ እግሬን አንስቼ የት እንደማሳርፈው ሳላውቅ ቆምኩ።

«ደረጃ አለ፣ ቶሞጂ» አለ ሳዳኦ ከኋላዬ። በለሆሳስ ነው፤ ጎን ለጎን እንደሚሄድ ሰው። «አንድ ብቻ ነው። አዎ። ወረድክ።»

ወረድኩ።

«አሁን መንገዱ ላይ ነህ።»

መንገዱ ላይ ነበርኩ። ሳልመልስለት ሄድኩ።